«አረፈ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመሄድ ፈቃድ ስጠይቅ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የሞተ ሰው ምን ሊሰማሽ ነው የምትሄጂው?» አለችኝና መክብብ 9፥5ን ከስልኳ አውጥታ አነበበችልኝ። «ሙታን ግን አንዳች አያውቁም» ይላል። የምመልሰው ጠፋኝ። ያረፉ ቅዱሳን አሁን በሰማይ በሕይወት አሉ? ይሰሙናልስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላሙ ለአንቺም ይብዛ። በቅድሚያ አንድ ነገር በአጭሩ እናስተካክል። ቁልቢ የምትሄጂው ለመልአኩ ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። መልአክ ሥጋ የለውም፤ አልሞተም፤ መቃብርም የለውም። የባልደረባሽ ጥያቄ እርሱን አይነካውም። መላእክትንም ያረፉ ጻድቃንንም «ቅዱሳን» ብለን ስለምንጠራ ልዩነቱ ከእኛም ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይሁን እንጂ በዚሁ ዕለት ከእቶን እሳት የዳኑት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤልም ይታሰባሉ። እነርሱ እንደ እኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሞተዋል። ስለዚህ ጥያቄው በእነርሱ ላይ ይቆያል፣ መልስም ያስፈልገዋል።

ወደ ጥቅሱ እንምጣ። ይህን ቃል የሚያነሡ ሰዎች ግማሹን አንብበው ያቆማሉ። ጥቅሱ ይቀጥላል፦ «መታሰቢያቸውም ተረስቶአልና ከዚያ በኋላ ዋጋ የላቸውም።» እንግዲህ ቃሉ ስለ ነፍስ የወዲያኛው ኑሮ የተነገረ የመጨረሻ ፍርድ ነው ከተባለ፣ ለጻድቅ ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ ትንሣኤም አክሊልም ቀረ። ባልደረባሽ ራሷ ይህን አትቀበልም። ደግሞም «መታሰቢያቸው ተረስቶአል» የሚለው፣ «የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል» ከሚለው ከመዝሙሩ ጋር (መዝ 111፥6) ይጋጭ ነበር። የማይጋጨው ሰሎሞን የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ቁጥር 6ን አንብቢ፤ «ከፀሐይ በታች በሚሠራው ነገር» ዕድል ፈንታ የላቸውም ይላል። የሞተ ሰው ገበያ አይወጣም፣ አይነግድም፣ እርሻውን አያይም፣ ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። ያው መጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ አልፎ በ12፥7 መንፈስ ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር እንደሚመለስ ይናገራል።

ከዚህ ጥቅስ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን በየለቅሶው የምንለው ቃል ነው፤ «አረፈ»፣ «አንቀላፋ»። ብዙዎች ይህን ሰምተው ነፍስም እስከ ምጽአት ድረስ እንቅልፍ ላይ ናት ብለው ያስባሉ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስተምርም። የሚተኛው ሥጋ ነው። ማቴዎስ 27፥52ን በቀስታ አንብቢ፤ «ተኝተው ከነበሩትም ከቅዱሳን ብዙ ሥጋዎች ተነሡ» ይላል። የተነሡት ሥጋዎች ናቸው፤ ተኝቶ የነበረው ሥጋ ነውና።

ማረፍ ደግሞ ከድካም ማረፍ ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም። ለዚህ ከራእይ 6፥9-11 የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ሰዎች ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው «እስከ መቼ ድረስ ነው?» ብለው በታላቅ ድምፅ ይጮኻሉ። ምን ምን እንዳለበት ቁጠሪ። ይናገራሉ። የደረሰባቸውን ያስታውሳሉ። በምድር ላይ ፍርዱ ገና እንዳልተፈጸመ ያውቃሉ። ነጭ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ መልስም ይሰማሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነገራቸው ደግሞ ጥቂት ዘመን «እንዲያርፉ» ነው። ማረፍና መናገር በአንድ ቦታ፣ ለአንዱ ነፍስ ተጻፈ። የሚያርፍ ሰው የማይሰማና የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ለማን ተነገረ?

ሙሴም አለ። ዘዳግም 34፥5 ሞተ ይላል፤ ኤልያስ ግን አልሞተም። ቡሄ ስናከብር በታቦር ሁለቱንም ከጌታ ጋር እናያቸዋለን። ሉቃስ 9፥31 ምን ይነጋገሩ እንደነበር ሳይቀር ይነግረናል፤ ጌታ በኢየሩሳሌም ስለሚፈጽመው ስለ መውጣቱ ነበር። «አንዳች አያውቅም» የተባለው ሟች ደቀ መዛሙርቱ ገና ያልገባቸውን ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ለእኛ ሰዎች አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። «ቅዱሳኑ ሰማይ ገብተዋል፣ ሁሉ ተፈጽሞላቸዋል» የሚል አነጋገር አለ። ይህም ስሕተት ነው። የጻድቃን ነፍሳት ያሉት በገነት ነው፤ ጌታ ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» እንዳለው። መንግሥተ ሰማያት ግን በትንሣኤ ነው፤ ሥጋና ነፍስ ተዋሕደው ከፍርድ በኋላ የሚወርሱት። በሌላ ወገን ሲኦልና ገሃነም እንደሚለያዩ ሁሉ ማለት ነው። ሐዋርያው የቀደሙትን የእምነት አባቶች ዘርዝሮ «ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ» ይላል (ዕብ 11፥40)። እነርሱም ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁትም ከእኛ ጋር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር (ከቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ የእምነት ትምህርቶች) አምስተኛውን፣ ትንሣኤ ሙታንን፣ ሳያውቀው ጥሎታል።

ይሰሙናል ወይ ላልሽው፦ በራሳቸው ኃይል ሁሉን አዋቂዎች አይደሉም። የሚያውቁት እግዚአብሔር ሲያሳውቃቸው ነው። ኤልሳዕ ገና በሥጋ ሳለ ግያዝ ርቆ ሄዶ ከንዕማን የተቀበለውን ብርና ልብስ ቤቱ ተቀምጦ ዐወቀ፤ «ልቤ ከአንተ ጋር አልሄደምን?» አለው (2ነገ 5፥26)። ሥጋ ሳይከለክለው ይህን ያሳየ አምላክ፣ ከሥጋ ድካም ካረፈ በኋላ ዓይኑን ይሸፍንበታል ማለት ይከብዳል። የቅዱሳን ጸሎት በወርቅ ዕቃ እንደ ዕጣን ወደ በጉ ፊት እንደሚቀርብም ራእይ 5፥8 ይናገራል።

ነገር የሚበላሸው በልመናችን ላይ ነው። ከቅዱሳን የምንለምነው ምልጃ ነው፤ «ለምኑልኝ» እንላለን። ሰጪው እግዚአብሔር ብቻ ነው። «ይህን ካላደረግህልኝ ስእለቴን አላስገባም» የምትል እናት በጻድቁ ላይ ንግድ እየነገደች ነው፤ ይህን በየዋህነት ማረም አለብን። ከዚህ የከፋው የሞተ ዘመድ እንዲናገር፣ በሕልም መጥቶ የተደበቀ እንዲገልጥ በሰው በኩል ማስጠራት ነው። ዘዳግም 18፥11 ሙታን ሳቢን የሚከለክለው ይህንን ነው፤ ብዙዎች ግን በጸሎተ ምልጃ ላይ ያነሡታል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ አንዱ ወደ እግዚአብሔር አብሮ መለመን ነው፤ ሌላው ከእግዚአብሔር ውጭ ወሬ መፈለግ ነው። ለቤተሰብሽ ሙታን ደግሞ በፍትሐትና በተዝካር አንቺ ትለምኚላቸዋለሽ። ያረፉ ቅዱሳን ለአንቺ ይለምናሉ። ሁለቱን አታቀላቅይ።

ለባልደረባሽ ስትመልሺ በቁጣ አይሁን፤ ጴጥሮስ በየዋህነትና በፍርሃት ይላልና። ብዙ ጥቅስ አታውርጂባት። ራእይ 6ን ራሷ በስልኳ ታንብብ፤ ከዚያ «እነዚህ የሚጮኹት ሰዎች ሞተዋል? ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በዪ።

አንቺ ደግሞ ወደ ቁልቢ ስትሄጂ ዳዊትሽን ያዢ። ከመዝሙሮቹ ኋላ ጸሎተ ነቢያት አለ፤ በውስጡም ሦስቱ ልጆች በእሳቱ መካከል ሆነው ያመሰገኑት መዝሙር አለ። ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ውርጭን፣ ተራሮችን ሁሉ «እግዚአብሔርን ባርኩ» እያሉ ይጠራሉ። ወደ መጨረሻው፣ የራሳቸውን ስም ከመጥራታቸው ጥቂት ቀደም ብለው፣ የጻድቃን መናፍስትንና ነፍሳትን ጠርተው አብረዋቸው እንዲያመሰግኑ ይጋብዛሉ። ይህ ክፍል በባልደረባሽ መጽሐፍ ውስጥ ስለሌለ ለክርክር አታንሺው። ለራስሽ ግን አንብቢው፤ በሰልፉ መሐል ቆመሽም ቢሆን።