አርቪ ውስጥ ቡና ሲፈላ ኢንቨርተሩ ለምን ይጮኻል?

ከኮሎራዶ የጻፉልኝ ወንድም ያገለገለ አርቪ (እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና) ገዝተዋል። ጠዋት የቡና ማሽኑን ሲያበሩ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ቮልት የሚቀይረው ሳጥን) ግማሽ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይጮህና ይጠፋል። ማሽኑ 1,000 ዋት፣ ኢንቨርተሩ 2,000 ዋት ነው። «ባትሪው ደክሟል» ተብለው ሁለት አዲስ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ አስገቡ፤ ለውጥ የለም። ካምፕ ደርሰው አርቪውን የካምፑ ኤሌክትሪክ ላይ ሲሰኩት ግን ማሽኑ አንድም እንከን የለበትም። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር አክለዋል፦ ከሶፋው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ «ደግሞስ የጣሪያውን መስኮት ከፍቼ ትንሽ ከሰል ባቀጣጥል?» ይላሉ።

ከከሰሉ ልጀምር፦ በፍጹም አይሞክሩት። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ብዙ ሰው «አሁን ጠራ» ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከዚያው ከቀላው ፍም ነው የሚወጣው። የጣሪያ መስኮት መክፈት አያድንም።

አሁን ወደ ሽታው። ባትሪ ተቀይሮ ችግሩ ካልተቀየረ፣ ፕላስቲክም ከሸተተ፣ እኔ የምጠረጥረው ገመዱንና ማሰሪያውን ነው። ለባትሪው ያወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል። «ባትሪ ቀይር» ያለዎት ሰው ቴስተር እንኳ አላወጣም ማለት ነው።

ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሁለተኛ አይታለልም። ዋት ማለት ቮልት በአምፒር ሲባዛ ነው። ማሽኑ 1,000 ዋቱን ከ120 ቮልት ሲወስድ 8 አምፒር ገደማ ይበቃዋል። ያንኑ ጉልበት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ግን 83 አምፒር ያስፈልጋል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ወደ 95 ይጠጋል። አንድ በርሜል ውኃ በባልዲ ቢቀዳ ስምንት ምልልስ፣ በጣሳ ቢቀዳ ሰማንያ ምልልስ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነ በጣሳ የሚመላለሰው ነው የሚያልቀው። በአንዲት የማሰሪያ ብሎን ላይ 0.02 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያግድ መሰናክል) አለ እንበል። በ8 አምፒር የሚፈጥረው ሙቀት ሁለት ዋት አይሞላም፤ ማንም አያውቀውም። ሙቀቱ የሚያድገው ግን አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በ95 አምፒር 180 ዋት ይሆናል። አንዲት ብሎን ላይ 180 ዋት! ሽታው ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ 1.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.2 ቢሰጥ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10.3 ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ 10.5 አካባቢ ሲደርሱ ይዘጋሉ። ኢንቨርተሩ የሚጮኸው ስለተራበ ነው፤ እሱ አልተበላሸም።

ለማረጋገጥ ማሽኑ እየሠራ ሁለት ቦታ ይለኩ፦ አንዴ ራሱ የባትሪው እርሳስ ጫፍ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ አንዴ የኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ግምቴ ልክ ነው። ሽታው ከጠነከረ ግን ወዲያው ያጥፉት።

ከዚያ ኢንቨርተሩን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድመው ፈትተው፣ ሶፋውን ያንሱ። በቅርቡ እንዲህ ያለ አንድ ከፍቼ ነበር፤ ሮንዴላው ከዳዶው ሥር መሆን ሲገባው በገመዱ ቀለበትና በኢንቨርተሩ መሃል ገብቷል። ብሎኑ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ናስትሮ ሦስት ዙር ተጠቅልሏል። ናስትሮ የላላ ብሎን አያጠብቅም! ገመዱን በቢላ ጫር ሳደርገው ውስጡ ነጭ ወጣ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም። ርካሽ ኢንቨርተር ጋር በካርቶን የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ይጣሉት።

ንጹሕ መዳብ፣ ውፍረቱ በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 2/0 የሆነ ገመድ ይግዙ፤ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን። ጫፉን በፒንሳ አይጨፍልቁት፣ ለዚሁ በተሠራ መጭመቂያ ያሠሩት። ፊውዙ ከባትሪው ስንዝር ሳይርቅ ይግባ፤ መጠኑን የኢንቨርተሩ መመሪያ ይነግርዎታል። ሁለቱ ባትሪዎች እኩል እንዲሠሩ ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው ይውሰዱ።

ማሽኑን በተመለከተ፣ 650 ዋት አካባቢ የሆነውንና ማሞቂያ ሳህን የሌለውን እመርጣለሁ። ሳህኑ ቡናው ካለቀ በኋላም ባትሪ ይበላል፤ ቡናውን ፔርሙስ ውስጥ ይገልብጡት። የመስታወት ማንቆርቆሪያ ያለውን ደግሞ መንገድ ይሰብረዋል። ከሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት የሚሠሩትን አይግዙ፤ 170 ዋት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃሉ።

እኔ ብሆን ለረጅም ጉዞ የአርቪውን ጋዝ ምድጃ ነበር የምጠቀመው፤ መስኮትና ማራገቢያ ከፍቼ፣ ብረት ጀበና ጥጄ። ምድጃው ከባትሪው ምንም አይወስድም። ቤተሰቡ ሥነ ሥርዓቱን ካማረው ረከቦቱ ውጭ፣ ከአርቪው ራቅ ብሎ ይዘርጋ። ፍሙ ለዕጣን ተብሎ እንኳ በበሩ እንዳይገባ፤ ሌሊት ሲበርድ «ለሙቀት» ተብሎም እንዳይገባ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ገልብጠው ቀኑን ይዩ፤ ዕድሜው ካለፈ ዛሬውኑ ይቀይሩት። የለኳቸውን ሁለት ቁጥሮች ይላኩልኝ።