ሱቅ ልክፈት ወይስ ልቆይ? የጅማ ልጆች ጥያቄና የአንድ ነጋዴ መልስ

ባለፈው «ትንሽ ንግድ ለመጀመር ያሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ጅማ መርካቶ ውስጥ የሸቀጥ ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቤት ከስሬ ዘግቻለሁ። ስለሱም ጠይቃችሁኛል፤ አልደብቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጂፕ አካባቢ ቁርስ ቤት ልከፍት ነው። ቤት አግኝቻለሁ፣ ብሩም አለኝ። ዝግጁ ነኝ አይደል?

መልስ፦ በቀን ስንት ሳህን መሸጥ እንዳለብህ አልነገርከኝም። እስቲ ለምሳሌ እንቁጠር። ኪራይ 6,000፣ ሠራተኛ 4,000፣ ከሰልና መብራት 2,000 እንበል። 12,000 ብር ሆነ። ከአንድ ጨጨብሳ 20 ብር ቢተርፍህ በወር 600 ሳህን ይፈለጋል። 26 ቀን ብትሠራ በቀን 24 ገደማ ነው። ይሄ ላንተ ሰባራ ሳንቲም ሳይቀር ነው። ለቤትህ 8,000 ብር ከፈለግህ 39 ሳህን ይደርሳል።

አሁን ሂድና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት እዚያው ሰፈር ቁጭ በል። ጎረቤት ቁርስ ቤት የሚገባውን ሰው ቁጠር። ሰኞም፣ ሐሙስም፣ እሑድም። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ የሱ ግርግር እንዳያታልልህ። የነባሩ ቤት ደንበኛ ራሱ 39 ካልሞላ፣ ያንተን ከየት ልታመጣው ነው?

ጥያቄ፦ የከሰርከው በምንድን ነው?

መልስ፦ በጁስ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ነበር የከፈትኩት። አቮካዶ በጅማ ሞልቷል፣ ተማሪ ሞልቷል፣ ምን ይጎድላል አልኩ። ሚያዝያ ላይ ከፈትኩ። ሁለት ወር ሙሉ ወረፋ ነበር፤ ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ጫማ ሁሉ ገዝቻለሁ። ሰኔ መጨረሻ ተማሪው ወደየቤቱ ሄደ። ዝናቡም ገባ። በጅማ ክረምት ቀዝቃዛ ጁስ ማን ይጠጣል? ሰው ትኩስ ሻይ ነው የሚፈልገው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሬው ይበሰብሳል። የስድስት ወር ኪራይ ቀድሜ ስለከፈልኩ ለቅቄ መውጣትም አልቻልኩም።

ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ ከተማ ብር ወቅት አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም የገጠሩ ሰው ኪስ ይሞላል። ልብስ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ስልክ ይቀይራል። ያው ሰውዬ ክረምት ላይ ዱቤ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ካፒታልህን ስታሰላ ሐምሌንና ነሐሴን ባዶ አድርገህ አስላ። ሁለቱን ወር ሳትበደር ከዘለቅህ ጀምር።

ጥያቄ፦ እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ልጀምርበት ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እቁብሽ ስንተኛ ዕጣ ነው? መጨረሻ ላይ ከሆነ የራስሽ ቁጠባ ነው፣ ጀምሪ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ግን ዕዳ ነው። ሱቁ ገና ሳይለምድ በየሳምንቱ ትጥያለሽ። ሸቀጥ የሚገዛው ብር ወደ እቁብ ይሄዳል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። ባዶ መደርደሪያ ያየ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ሥራዬን ልልቀቅ?

መልስ፦ ኧረ አትልቀቅ! ደመወዝህ ነው ክረምቱን የሚያሻግርህ። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሞክረው። በጠረጴዛ፣ በበረንዳ፣ እንደምንም።

ጥያቄ፦ ከገበሬ ቡና ገዝቼ አዲስ አበባ መላክ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ቡና እንደ ሽንኩርት ጭነህ የምትሄደው ነገር አይደለም። የራሱ አዋጅ አለው፣ 1051/2009። የራሱ ፈቃድም ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ ስትጭን ከተያዝክ ቡናውም ገንዘቡም ይሄዳል። ቡና ካማረህ ቆልተህ ፈጭተህ መሸጥን አስብ። እሱም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ግን በትንሹ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ንግድ ፈቃዱን አሁኑኑ ላውጣ?

መልስ፦ ሥራው ቁርጥ ሲሆን አውጣ። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ሱቁን ስትዘጋም መመለስ አለብህ። ዘግተው ዝም ያሉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ቅጣት ተቆልሎ ሲጠብቃቸው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ለሰው እምቢ ማለት አልችልም። ሱቅ ይሆነኛል?

መልስ፦ ከሁሉም ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ዘመድ ነው። በእድር ትገናኛላችሁ፣ በሰርግ ትገናኛላችሁ። «ነገ እሰጥሃለሁ» ሲልህ ፊቱን አይተህ ዝም ትላለህ። እኔ መላ አበጀሁ። ለዱቤ አንድ ደብተር አለኝ፣ በወር ከ3,000 ብር አያልፍም። ሲሞላ ደብተሩን አውጥቼ አሳያለሁ። «ሞልቷል እኮ ወንድሜ፣ እገሌ ሲከፍል ላንተ ይከፈታል» እላለሁ። እምቢ የሚለው ደብተሩ ነው። ሰውየውም አይቀየምም፤ እንዲያውም ሄዶ እገሌን ይጠይቅልኛል።

የራስህን ቤትም እዚያው መዝግብ። ሚስቴ ዘይት ስትወስድ ትፈርማለች። መጀመሪያ ተኮራርፈን ነበር።

ጥያቄ፦ ወደ ጁስ ትመለሳለህ?

መልስ፦ አልመለስም። መፍጫዋ ግን እስካሁን አልጋ ሥር አለች። የሚገዛ ካለ፣ ከመስከረም በፊት ቅናሽ አደርጋለሁ።