ሠራዊት ሲወጣ ንብረቱ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ አዳማ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። አሜሪካኖች በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከአፍጋኒስታን ሲወጡ ያን ሁሉ መኪናና ሄሊኮፕተር ለምን ጥለው ሄዱ? የቀረውስ ይሠራል?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፤ አብዛኛው አስቀድሞ ለአፍጋን ጦር የተሰጠ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) ሪፖርት ዋጋውን 7.12 ቢሊዮን ዶላር ብሎታል። ካቡል አውሮፕላን ማረፊያ የነበረውን ግን ከጥቅም ውጭ አድርገውት ሄዱ፦ 73 አውሮፕላን፣ እስከ 70 የሚደርሱ ኤምራፕ የተባሉ ፈንጂ የሚቋቋሙ መኪኖችና 27 ሀምቪ የተባሉ ቀላል የጦር መኪኖች።

አገሩ እንደኛው ወደብ አልባ ነው፤ የጂቡቲን መስመር የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሲ-17 የተባለው ትልቅ የጭነት አውሮፕላን የሚያነሳው 77 ቶን ገደማ ሲሆን፣ አንድ ኤምራፕ ብቻ ከ14 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ቦታው ለሰው ተፈለገ።

ለአፍጋን ጦር የተሰጠው ሀምቪ ይሠራል። 6.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ስለሆነ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ተገናኝተው። ቆሞ ከከረመ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) ደርቀው ያንጠባጥባሉ። ከሁሉ የከፋው ናፍጣው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ነው፤ ውኃውን ሳያስወጣ ሞተሩን ያስነሳ ሰው የናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን ያበላሻል። መለዋወጫ ሲጠፋ ሁለቱን ፈታቶ ሦስተኛውን ማስነሳት ይቻላል።

ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ላይ ግን ይህ ብልሃት ብዙ አያስኬድም። ክፍሎቹ በበረራ ሰዓት ተቆጥረው፣ ባይበላሹም የሚቀየሩ ናቸው። ጥገናውን በአብዛኛው የያዙት የውጭ ኮንትራክተሮችም ከጦሩ ጋር ወጥተዋል።