የግንደ ቆርቁሩ ጎጆ ባዶ መስሎሽ እንዳትሸወጂ

«ቀዳዳውን አግኝቻለሁ፣ ወፉ ግን አይታይም። ባዶ ይሆን? ጠጋ ብዬ ግንዱን መታ መታ ላድርገው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

1ኛ፣ ግንዱን እንዳትነኪው! እንቁላል ላይ ያለ ወፍ ከደነገጠ ጎጆውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የማይረባ ፎቶ ለማንሳት ብለው ግንድ የሚደበድቡ ሰዎች አሉ፣ ደሜን ያፈሉታል።

2ኛ፣ «ባዶ ነው» ለማለት አትቸኩይ። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ነው የሚታቀፉት። ተረኛው ገብቶ ድምፁን ያጠፋል፣ አንቺ ደግሞ ሰልችቶሽ ትሄጃለሽ። ራቅ ብለሽ ተቀመጪና ቢኖኩላርሽን ከቀዳዳው አፍ አትንቀዪ። ቅያሪው ሲመጣ ውስጥ ያለው አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ቱር! ሌላው ወዲያው ጥልቅ ይላል። አይንሽን ካርገበገብሽ አመለጠሽ። ግሬት ስፖትድ የሚባለው የግንደ ቆርቁር ዝርያ ከሆነ ማጅራቱ ላይ ቀይ ያለበት ወንዱ ነው፣ ሴቷ የላትም። ሌሊት የሚታቀፈውም እሱ ነው። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ «እናትየዋ ናት የምታድረው» ብለው ድርቅ ሲሉ ቀዩን ማጅራት ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ጉራ አይሁንብኝና!

ግን ማታ ስለገባ ብቻ ጎጆ ነው አትበይ። እንቁላል ሳይኖርም ቀዳዳ ውስጥ ያድራሉ። ማስረጃሽ የቀኑ ቅይይር ነው።

3ኛ፣ ቦታው ጥብቅ ደን ከሆነ ፈቃዱን ዛሬውኑ ጀምሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የሄድኩበት ቢሮ ሰውየው ማመልከቻዬን አየት አድርጎ «ለወፍ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ማኅተሙ አይነበብም ተባለ። አሳድሼ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ወፍ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም! ግሬት ስፖትድ የሚታቀፈው ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ ነው። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በ3 ሳምንት ገደማ ከጎጆው ይወጣሉ። በቃ፣ ያመለጠሽ አመለጠሽ። ፈቃዱ ተፈርሞ እጄ ሲገባ ከቀዳዳው ድምፅ የሚባል አልነበረም። ጫጩቶች ቢኖሩ እኮ ጫጫታቸው ከሩቅ ነው የሚሰማው። ሰውየው ይባስ ብሎ «ታዲያ ሌላ ወፍ ፈልግ» አለኝ። በሚቀጥለው ወቅት ወፎቹ ቀዳዳውን መፈልፈል ሳይጀምሩ ነው ወረቀቴን የጨረስኩት፣ ያኔ ከመጀመሪያው የእንጨት ፍቅፋቂ ጀምሮ አየሁ።

ስለ ፍቅፋቂ ካነሳን፣ የሚሰማሽ ድምፅ ፈጣን ድልቂያ ከሆነ «ክልሌ ነው» እያለ ነው፣ ወይም ጓደኛ እየጠራ። ቀዳዳ ሲፈለፍል ግን ዝግ ያለና የተቆራረጠ ነው የሚሰማው፣ ከዛፉም ሥር አዲስ ነጣ ያለ ፍቅፋቂ ይወድቃል። ምግብ በአፋቸው ይዘው ሲገቡና የጫጩቶቹን ኩስ ይዘው ሲወጡ ካየሽ ደግሞ ጫጩቶቹ ከእንቁላል ወጥተዋል ማለት ነው።

አንቺ ጋ ከዛፉ ሥር ፍቅፋቂ አለ? በቢኖኩላር እይውና እዚሁ ጻፊልኝ። ፈቃድ ካልጀመርሽ ግን መጀመሪያ ወደ ቢሮው ሂጂ፣ የደብዳቤሽንም ኮፒ ደርበሽ ያዢ።