የኋላ እግሩ የሚወላገድ ግልገል፦ አዙሪት ነው ወይስ የመዳብ እጥረት?

ጥያቄ፦ ዝዋይ አካባቢ በግ አረባለሁ። ግልገሎቼ ሲወለዱ ደህና ናቸው፤ ወር ተኩል ሲሆናቸው ግን የኋላ እግራቸው ይወላገዳል፣ ሲነዱ ይወድቃሉ። ጡት ግን ይጠባሉ። ጎረቤቶቼ አዙሪት ነው ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንደነገሩኝ ከሆነ አዙሪት አይመስለኝም። አዙሪት የውሻ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ሲያድግ የሚመጣ ነው፤ በጉ ራሱን አዘንብሎ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ በአብዛኛውም የሚይዘው ጠና ያሉትን ነው። የእርስዎ ግልገሎች ንቁ ሆነው እየጠቡ የከዳቸው ወገባቸው ነው። እኔ የምጠረጥረው እናቶቹ በእርግዝና ጊዜ መዳብ አጥሯቸው እንደነበር ነው። በስምጥ ሸለቆ ግልገሎች ላይ ይኸው በሽታ መታየቱ በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመዝግቧል።

የነርቭ ሴል ኦክስጅን ሲጠቀም ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል። እሱን የሚያከሽፈው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው መዳብና ዚንክ ይዞ ነው። ለሴሉ ኃይል በማመንጨት የሚያግዘው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝም መዳብ ይፈልጋል፤ ለጉዳቱ ይበልጥ ተጠያቂ የሚደረገውም የዚህኛው መዳከም ነው። ሁለቱ ሲደክሙ ነርቭን የሚሸፍነው ስባማ ልባስ በደንብ አይሠራም፣ ኅብለ ሠረሠሩም ይጎዳል። ሣሩ መዳብ እያለውም ሊያጥር ይችላል፤ ሞሊብደነምና ሰልፈር ከበዙበት በከርሥ ውስጥ መዳቡን አስረው ያስቀሩታል።

የተወላገዱት ግልገሎች እንደሚድኑ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም፤ የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። በርትተው መሥራት ያለብዎት በሚቀጥለው ወሊድ ላይ ነው። የግልገሉ አንጎል ልባስ በብዛት የሚሠራው በእርግዝናው 90ኛ ቀን አካባቢ፣ የኅብለ ሠረሠሩ ደግሞ ከመውለጃው 20 ቀን ገደማ በፊት ስለሆነ፣ መዳቡ ለእናቲቱ በእርግዝናው አጋማሽ መድረስ አለበት።

ከዚያ በፊት ግን የወረዳዎ የእንስሳት ሐኪም ከጥቂት እናት በጎች ደም ወስዶ መዳቡን ያስመርምር። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው የዲስሙቴዝ መጠን ቢለካ ደግሞ እጥረቱ የቆየ መሆኑን ያሳያል። ግልገል ከሞተም ጉበቱ ይመርመር።

እባክዎ በግምት መዳብ አይስጡ። ከቤት እንስሳት ሁሉ በግ ለመዳብ መመረዝ እጅግ የተጋለጠ ነው። ለዶሮ ወይም ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅም ሆነ የዶሮ ኩስ አያብሉ። ትርፉ መዳብ በጉበት ተጠራቅሞ ድንገት ወደ ደም ይለቀቃል። የበጉ ዓይን ቢጫ፣ ሽንቱም ጥቁር ቀይ ከሆነ መስጠቱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ።