ለሕፃኑ ማዘዣ አልነበረውም

ልጆቼ፣

ዘንድሮ የሕግ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ማረሚያ ቤት የምትገቡ አላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ችሎት ላይ የተቀመጠ ሰው ምክር ሲጽፍ ከሥነ ምግባር ደንብ ይጀምራል ብላችሁ እንዳትሸሹኝ። እኔ የምጀምረው ከአንድ የወህኒ ጠባቂ ነው። ነገሩ የእንግሊዝ ስለሆነ ዘመኑን በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ባሕር አሻግራ ትጥል ነበር። ጥቂት ንብረት መስረቅ እንኳ ለስቅላት ያበቃ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከገመድ የተረፈው ሰው ለ7 ዓመት፣ ለ14 ዓመት ወይም ለዕድሜ ልክ ይጋዛል። መጀመሪያ የሚላከው ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካውያን በ1775 ሲያምፁ መንገዱ ተዘጋ፤ ፍርዱ ግን አልቆመምና እስረኛው ወደብ ላይ በቆሙ ያረጁ መርከቦች ውስጥ ታጎረ። ከዚያ ከ1788 እስከ 1868 ባሉት 80 ዓመታት 160,000 ያህል ሰው ወደ አውስትራሊያ ተጫነ። የዚያች ምድር ባለቤቶች አገራቸው የሌላው ወህኒ ሲሆን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ የሚፈልግ ግፍ ነው።

በእኛ አገር ግዞት በአብዛኛው የመኳንንት ቅጣት ነበር። ልጅ ኢያሱ በጋራ ሙለታ የታሰሩት ለዙፋን ነው። ባሕር መሻገሩን ያየነው ጣሊያን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ታላላቅ ሰዎቻችንን ወደ አዚናራ ደሴት ሲያግዝ ነው። በእንግሊዝ ግን የብር ማንኪያ የሰረቀችም ትጋዛለች።

ሱዛና ሆልምስ እንዲህ ያለች ነበረች። ልብስና የብር ማንኪያ ሰርቃ ሞት ተፈረደባት፤ ፍርዱ ወደ 14 ዓመት ግዞት ተለወጠላት። በኖርዊች ወህኒ ከሄንሪ ኬብል ጋር ተዋወቀች። እርሱም ቤት ሰብሮ በመስረቅ የተፈረደበት ወጣት ነው፤ አብሮት የተከሰሰው አባቱ ተሰቅሏል። ወህኒ ውስጥ ልጅ ወለዱ። እንጋባ ብለው አመለከቱ፤ ተከለከሉ። በ1786 መገባደጃ ሱዛና ለጉዞ ተጠራች። ጆን ሲምፕሰን የተባለው የወህኒ ጠባቂ እናትና ልጅን ይዞ ፕሊመዝ ወደብ ደረሰ። የመርከቡ አዛዥ ሴቲቱን ተረከበ፤ ሕፃኑን ግን አልቀበልም አለ። ለሕፃኑ ማዘዣ አልነበረውም።

አዛዡ ሕግ አልጣሰም። ክፉ ሰው ለመሆኑም ማስረጃ የለኝም። ሲምፕሰንም ርክክቡን አስፈርሞ፣ ልጁን ለአንዱ ሰጥቶ አገሩ ቢገባ የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ጡት ያልጣለውን ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በፈረስ ሠረገላ ለንደን ገባ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሲድኒን ደጅ ጠና። ሚኒስትሩም ልጁ ለእናቱ እንዲመለስ፣ አባትየውም አብሯቸው እንዲሄድ አዘዘ።

እኔ ሲምፕሰንን አልሆንኩም። ገና ጀማሪ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ አንዲት እናት ልጃቸው ከነበረበት እስር ቤት ተዛውሮ ወዴት እንደሄደ ሊጠይቁ መጡ። ዝውውሩ እኛ ዘንድ አይመዘገብም፤ «አይመለከተንም፣ እናቴ» አልኳቸው። እውነት ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አመስግነውኝ ወጡ። ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረ። ከሰጠኋቸው ፍርዶች ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ያን ምስጋና ግን አልረሳሁም።

ውል የምታረቅቁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በ1790 አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ከተባለው ሰፈር የደረሱትን የሁለተኛው የግዞተኛ መርከቦች ጉዞ እስረኞች ያጓጓዛቸው በባሪያ ንግድ የኖረ ድርጅት ነበር። የሚከፈለው በተሳፈረ ሰው ቁጥር ነበር፤ በሕይወት በወረደው አልነበረም። ከ1,000 ገደማ እስረኞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በመንገድ አለቁ። በሰንሰለት የተያያዙት ሰዎች የሟቹን ድርሻ ለመብላት ሬሳውን ይደብቁ ነበር። በኋላ ክፍያው በደህና ከደረሰው ሰው ጋር እንዲያያዝ ሲደረግ፣ ውሎ አድሮም ለመርከብ ሐኪሞች ሥልጣን ሲሰጥ፣ ሟቹ በእጅጉ ቀነሰ። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ስለዚህ የውሉን መግቢያ ከማሳመራችሁ በፊት ገንዘቡ ምኑ ላይ እንደታሰረ እዩ።

ወደ ሱዛናና ሄንሪ ኬብል ልመለስ። ታሪካቸው በጋዜጣ ወጥቶ ሰዎች 20 ፓውንድ አዋጥተው ዕቃ ገዙላቸው። በየካቲት 1788 ሲድኒ ላይ ተጋቡ። ዕቃቸው የተጫነው አሌክሳንደር በተባለች መርከብ ነበር፤ ቢጠይቁ ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የለም ተባሉ። ባልና ሚስቱ የመርከቧን አዛዥ ከሰሱ።

እዚህ ላይ ሕግ የተማረ ሰው ይስቃል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ የተለወጠለት ሰው በፍትሐ ብሔር ከሳሽ መሆን አይችልም ነበር። ተከሳሹ ይህን መቃወሚያ ቢያነሳ መዝገቡ በአንድ ቀን ይዘጋ ነበር። በችሎቱ የተቀመጠው ዴቪድ ኮሊንስ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን እንጂ ሕግ የተማረ አልነበረም። ቢሆንም በሐምሌ 1788፣ በቅኝ ግዛቲቱ የመጀመሪያ በሆነው የፍትሐ ብሔር ክርክር፣ አዛዡ 15 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈረደ።

ክሱ ላይ የከሳሾቹ ማንነት በሚገለጽበት ቦታ መጀመሪያ «የዚህ ስፍራ አዲስ ሰፋሪዎች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሐሰት ነውና ተሰረዘ። «ፍርደኞች» ተብሎ ቢተካ ግን ክሱ በራሱ ወረቀት ይወድቃል። ምንም አልተተካበትም፤ ቦታው ባዶውን ቀረ።