ወርክሾፕ ልግባ ወይስ ልጻፍ?

ለዚህ እትም ልብ ወለድ፣ በተለይ ደግሞ የፍቅር ልብ ወለድ ከሚጽፉ አንባቢዎች የመጡ አራት ጥያቄዎችን መርጫለሁ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ስለሚሉ ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ግማሽ ገደማ ላይ ቆሜያለሁ። ጓደኞቼ "መጀመሪያ የአጻጻፍ ወርክሾፕ ውሰጂ፣ ከዚያ ትቀጥያለሽ" ይሉኛል። አንዱ የሁለት ቀን ነው፣ ሌላው ሦስት ወር ይፈጃል። እንዴት ልምረጥ? ወይስ መጽሐፌን ልጨርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወርክሾፕ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ትምህርት ነው። አስተማሪው ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባህሪ፣ ስለ ምልልስ ያስረዳል፣ አንቺ ማስታወሻ ትይዣለሽ፣ ያልቃል። ሁለተኛው ያንቺ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ሰዎች አንብበውት የሚነጋገሩበት ነው። የመጀመሪያውን ከጥሩ መጽሐፍም ታገኚዋለሽ። ሁለተኛውን ግን ብቻሽን ቤት ተቀምጠሽ አታገኚውም፤ የራስሽን ጽሑፍ ስታነቢ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ነው የምታነቢው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ፦ በአንድ ቡድን ስንት ሰው አለ? ከኔ ጽሑፍ ስንት ገጽ ይነበባል? ሌሎቹ ቀድመው አንብበው ነው የሚመጡት ወይስ እዚያው ነው የሚሰሙት? አዘጋጆቹ ለነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌላቸው ነገሩ ወርክሾፕ ሳይሆን ንግግር መስማት ነው።

ገጽን ጠረጴዛ ላይ የማውጣት ልማድ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ የተመሠረተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በ1956 ደግሞ ዴመን ናይት የተባለ ደራሲ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሚልፎርድ በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን ሰበሰበ። ዛሬ "የሚልፎርድ ዘዴ" የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሁሉም በየተራ ይናገራል፣ ደራሲው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ሁሉም ሲጨርሱ ብቻ ይመልሳል። ዝም የሚባልበት ምክንያት አለው። መጽሐፍሽ አንባቢ እጅ ሲገባ አጠገቡ ቆመሽ "እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት እኮ..." ልትይው አትችይም።

ይሁን እንጂ ለጀማሪ ይሄ ዝምታ ሊከብድ ይችላል፤ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ብዕር ሳያነሳ ይከርማል። ሊዝ ለርማን የተባለች የዳንስ ባለሙያ ያዘጋጀችው ሌላ አካሄድ አለ፣ ጸሐፊዎችም ይጠቀሙበታል። አንባቢዎቹ መጀመሪያ የነካቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ጸሐፊዋ የምትፈልገውን ትጠይቃለች። ቀጥሎ አንባቢዎቹ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ያቀርባሉ። አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ያውም እሷ ከፈቀደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገባ ሰው እኔ ይሄኛውን እመርጥላታለሁ።

ልጨርስ ወይስ ልግባ ላልሽው፣ ረቂቁን ጨርሺ። ቢያስጠላሽም ጨርሺው። ግማሽ ረቂቅ ይዞ የሚገባ ሰው ምዕራፍ አንድን በሰው አስተያየት ሲያርም ይከርምና ምዕራፍ አስራ አንድ ሳይጻፍ ይቀራል። የቆምሽው ግን ገጸ ባህሪሽ ምን እንደምትፈልግ ራስሽም ስላላወቅሽ ከሆነ፣ የሁለት ቀኑ ትምህርት ያነቃቃሻል። የሦስት ወሩን ሙሉ ረቂቅ ሲኖርሽ ግቢበት።

ጥያቄ፦ ወርክሾፕ ላይ ያቀረብኩትን ምዕራፍ "ስሜት የለውም" አሉኝ። እኔ ግን ሙሉውን ገጽ የጻፍኩት ስለ ስሜት ነው! ተለያይተው የቆዩ ፍቅረኞች በድንገት ሲገናኙ ነው። አንዱን አንቀጽ ልኬልዎታለሁ፦ "ሲያያት ልቡ በደስታም በሐዘንም ተሞላ። ምን ያህል እንደናፈቀችው በቃላት መግለጽ አልቻለም። በእሷም ውስጥ ከባድ የስሜት ማዕበል ተነሳ። አሁንም እንደምትወደው ገባት፤ ግን የበደላት ትዝ ብሏት ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።"

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰዎቹ ያዩት ነገር አለ፣ የገለጹበት መንገድ ግን አላገዘህም። አንቀጽህ ውስጥ ደስታ አለ፣ ሐዘን አለ፣ ናፍቆት አለ፣ ማዕበል አለ፣ ፍቅር አለ፣ በደል አለ። ሁሉም በስማቸው ተጠርተዋል። አንባቢው ራሱ ደርሶበት የሚሰማው ምንም አልተረፈለትም።

ሌላም አለ። መጀመሪያ እሱ ልብ ውስጥ ነበርን፣ ሳናስበው እሷ ልብ ውስጥ ገባን። ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ በሁለቱም አንጻር ይጻፋል፣ ችግር የለውም፤ መቀያየሩ ግን ብዙውን ጊዜ በምዕራፍ ወይም በትዕይንት ነው። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም እንደሚዋደዱ ከነገርከኝ ቀጣዩን ገጽ ለምን እገልጣለሁ?

ያንኑ ግንኙነት በእሱ አንጻር ብቻ፣ አንድም የስሜት ስም ሳልጠራ ሞክሬዋለሁ፦

"ሊፍቱ ሲከፈት ውስጥ ቆማለች። ወደ ኋላ ለማለት ጊዜ አልነበረውም። ገባ።

'ስንተኛ?' አለችው፣ ፊቷን ከቁልፎቹ ሳትመልስ።

'አራተኛ።'

ተጫነችለት። ጣቷ ላይ ቀለበቱ የለም። የነበረበት ቦታ ግን ከሌላው ቆዳዋ ገና ነጣ እንዳለ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ። አልወረደም። እሷም ለምን አላለችውም።"

እዚህ ውስጥ "ናፈቀችው" የሚል የለም። ቀለበቱን ያወለቀችው በቅርቡ እንደሆነ ማንም አልተናገረም፣ ከነጣው ቆዳ አንባቢው ራሱ ደረሰበት። ቁጣዋ ፊቷን ባለመመለሷ ውስጥ ነው። ልቧ ውስጥ ያለውን አናውቅም፣ እሱም አያውቅም፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር እንጨነቃለን። እኔ ሊፍት መረጥኩ፤ ሁለት ሰው ሸሽቶ የማይወጣበት ጠባብ ቦታ ስለሆነ ነው። አንተ ታሪክህ ውስጥ ያለውን ቦታ ተጠቀም።

አሁን ምዕራፍህን አትምና የስሜት ስም ባየህበት ሁሉ አስምርበት። በየአንዱ ላይ "በዚህ ሰዓት እጁ ምን እያደረገ ነው? ምን ማለት ፈልጎ ምን አለ?" ብለህ ጠይቅ። ሁሉንም አውጣ ማለቴ አይደለም። ቶሎ ማለፍ ባለብህ ቦታ "ናፈቀችው" ብሎ መሄድ ከምንም ይሻላል፤ እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ሰውየው መስኮት ላይ ቆሞ ዝናብ ሲያይ ግማሽ ገጽ መፍጀት አንባቢን ያሰለቻል። የመገናኘቱ ትዕይንት ግን አንባቢህ ስንትና ስንት ገጽ ታግሶ የጠበቀው ነው፣ በችኮላ አይታለፍም።

ስለ ሰዎቹ አስተያየት ደግሞ፣ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ እዚያ ቦታ ላይ በእርግጥ ችግር አለ። መድኃኒቱ ግን እነሱ ያዘዙት ላይሆን ይችላል። "ስሜት የለውም" የሚል ሰው ሰምተህ ተጨማሪ የስሜት ቃል ብትደፋበት ኖሮ ምዕራፉ ይባስ ይሞት ነበር።

ጥያቄ፦ የፍቅር ልብ ወለድ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ አብረው ይሆናሉ። ታዲያ ምኑ ያጓጓል? አስተማሪያችን "ግጭት ጨምሪ" ይለኛል፣ እኔም እያጣላኋቸው ነው።

መልስ፦ መጨረሻው መታወቁ ጉድለት አይደለም፣ ቃል ኪዳን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ዘውጉን ሲተረጉም ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ የታሪኩ ማዕከል ፍቅር እንዲሆንና መጨረሻው ልብ የሚሞላ፣ ተስፋ ያለው እንዲሆን። አንባቢሽ "አብረው ይሆናሉ ወይ?" አትልም። "እንዲህ ሆኖ እያለ እንዴት ብለው?" ነው የምትለው።

ማጣላት ደግሞ ግጭት አይደለም። እስቲ ሁለቱን አንድ ክፍል አስገቢያቸውና አስር ደቂቃ በግልጽ ያውሩ። ነገሩ ከተፈታ በእጅሽ ያለው አለመግባባት ብቻ ነው፣ ሦስት መቶ ገጽ አይሸከምልሽም። ስልኩን ሳያነሳ ቀረ፣ ከእህቱ ጋር ስታየው ሌላ ሴት መሰለቻት፣ ይሄ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ቢያስኬድ ነው። አሁን ደግሞ ይሄን አስቢው፦ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ሥራ ሌላ አገር ተገኘላት፣ እሱ የታመመ አባቱን ትቶ የትም መሄድ አይችልም። አስር ደቂቃ ቢያወሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያጓጓው ያ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አሳታሚ ረቂቄን እንደወደደው ነገረኝ። ግን መጀመሪያ እሱ የሚሰጠውን የደራሲነት ሥልጠና ከፍዬ እንድወስድ፣ የኅትመቱንም ወጪ እንድጋራ ጠየቀኝ። ውሉ ላይ መብቱን "ለዘለቄታው" እንደማስተላልፍ ተጽፏል። በጣም ጓጉቻለሁ። ልፈርም?

መልስ፦ እንዳትፈርሚ። ጉጉትሽ ይገባኛል፣ "ወደድኩት" የሚለውን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት እንደተሠራ አውቃለሁ። ለዚህም ነው የምቆጣው።

አሳታሚ ማለት በመጽሐፍሽ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስና ከሽያጭ የሚያተርፍ ነው። ካንቺ ኪስ ካተረፈ መጽሐፉን ለመሸጥ ምን ያስቸኩለዋል? በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለደራሲ የሚከፍሉት ለጠንካራ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከሽፋን ዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ለስስ ሽፋን ከዚያ ያነሰ። ረቂቁን ለአሳታሚ የሚያሻሽጥ ወኪል ካለ ከደራሲው ገቢ 15 በመቶ ያህል ይወስዳል፣ የሚወስደውም መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ነው። ድርሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ደራሲው ነው። በራስ ወጪ ማሳተም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ለአርታኢና ለማተሚያ ቤት ትከፍያለሽ፣ መጽሐፉም መብቱም ያንቺ ሆኖ ይቀራል። አንቺን የጠየቁሽ ግን ክፈይም፣ መብቱንም ስጪም ነው።

የቅጂ መብት ቀላል ነገር አይደለም። በ1886 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የበርን ስምምነት በተቀበሉ አገሮች ሁሉ ሥራሽ ከተጻፈ ጀምሮ፣ ሳታስመዘግቢው፣ ያንቺ ነው። ጥበቃው ቢያንስ በሕይወት እስካለሽና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። "ለዘለቄታው" ብለሽ ስትፈርሚ የልጆችሽንም ነው የምትፈርሚው።

ደህና ውል ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋና በምን መልክ እንደሆነ ይለያል። ከታተመው መጽሐፍ ሌላ የድምፅ ቅጂውንም፣ ፊልሙንም፣ ትርጉሙንም ጠቅልሎ የሚወስድ አንቀጽ ካለ ለያይተሽ ተደራደሪ። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወዳንቺ የሚመለስበት ሁኔታ መጻፍ አለበት፣ የሽያጭ ሒሳብም በየስንት ጊዜው እንደሚደርስሽ። ስለ ሙያው የሚሰጥ ወርክሾፕ ልትመርጪ ከሆነም "እንዴት ታዋቂ ትሆናለህ" የሚለውን ትተሽ እውነተኛ ውል መስመር በመስመር የሚያነብቡበትን ፈልጊ። እንዲህ ያሉ ወጥመዶችን እየተከታተለ ለጸሐፊዎች በነጻ የሚያስጠነቅቅ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ራይተር ቢዌር የሚባል አገልግሎትም አለ፤ እንግሊዝኛ የምታነቢ ከሆነ የቆዩ ማስጠንቀቂያዎቹን እያቸው፣ ያንቺን ውል የሚመስል አታጪም።

አሁን ወደ ሰውየው ተመለሺና ሥልጠናው እንዲቀር፣ የወጪ መጋራቱ እንዲወጣ፣ "ለዘለቄታው" የሚለው በዓመት እንዲተካ በጽሑፍ ጠይቂ። ከተስማማ ውሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይተሽ ትፈርሚያለሽ። "ሁሉም እንዲሁ ነው የሚፈርመው" ካለሽ ረቂቅሽን ይዘሽ ውጪ።